ማንንም ሳይወዱ እንዴት ይመረጣል?

ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ምርጫ ሲቃረብ ወረፋው ላይ የማይቀር ክርክር አለ። አንዱ «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል?» ይላል። ሌላው «የባሰ አለ፣ አገርህን አትልቀቅ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን ማንንም ሳትወዱም መምረጥ ይቻላል፤ መላ አለው።

መጀመሪያ፣ በሰፈራችሁ ፉክክር መኖሩን አጣሩ። በ2013ቱ ምርጫ ተቃዋሚዎቹ ኦነግና ኦፌኮ ስላልተወዳደሩ በኦሮሚያ ብዙ የምርጫ ክልሎች ብልጽግና ብቻውን ነበር የቀረበው። እንዲህ ባለበት «የባሰው እንዳይመጣ ውጡ» ብሎ መቀስቀስ ቀልድ ነው። ተፎካካሪ ካለ ግን ሕጉን አስቡ። በእኛ አገር ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያልፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታ አይደለም። የሌሎቹ ድምፅ ከተበታተነ የምትፈሩት ሰው በ35 በመቶም ወንበሩን ሊይዝ ይችላል።

ቀጥሎ ፍርሃታችሁን ጻፉት። «ክፉ ነው» አይበቃም። አንድ ደንበኛዬ፣ ቡና ነጋዴ ናቸው፣ ቆመው ሲማረሩ ባዶ ወረቀት ሰጠኋቸው።

«ሀጂ፣ ያኛው ቢያሸንፍ ምን ይደርስብዎታል?»

«ቡናዬን ኬላ ላይ ያስቆመዋል።»

«ይሄኛውስ?»

ትንሽ አሰቡና ሳቁ። «እሱም ያስቆመዋል። ግን ደረሰኝ ይሰጠኛል።»

ደረሰኝ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ! ልዩነቱ በአንድ መስመር ከተጻፈ ለመሰለፍ በቂ ምክንያት ነው። ካልተጻፈስ? እኔ አልጎተጉታችሁም።

የሚሰጣችሁ ወረቀት ሁለት ነው፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልል ምክር ቤት። ለየብቻ አስቡባቸው። አንዱ ላይ የሚረባ ሰው ልታገኙ ትችላላችሁ።

ጎረቤት ስትቀሰቅሱ ደግሞ ማስፈራራት አታብዙ። ማስፈራራት መጀመሪያ ላይ ይሠራል። ፈረንሳይን እዩ። እንደ ፈረንጆቹ 2002 ቀኝ አክራሪው ዣን ማሪ ለፔን በፕሬዚዳንት ምርጫው ሁለተኛው ዙር ሲገባ ሕዝቡ ደንግጦ ወጣ። የመራጩ ተሳትፎ ከ71.6 ወደ 79.7 በመቶ ዘለለ። ግራ ዘመሞቹ ሳይቀሩ የማይወዱትን ቀኝ ዘመም ዣክ ሺራክን መርጠው በ82 በመቶ አሳለፉት። በ2017 ልጁ ማሪን ለፔን ከማክሮን ጋር ስትፋለም ያው ጥሪ ተደገመ። ማክሮን አሸነፈ፤ ተሳትፎው ግን ከመጀመሪያው ዙር ከ77.8 ወደ 74.6 በመቶ ወረደ። 4 ሚሊዮን ያህል ሰው ደግሞ እስከ ኮሮጆው ድረስ ሄዶ ባዶ ወይም የተበላሸ ወረቀት ከተተ። ሰው ሁሌ «የባሰው መጣ» ሲባል ይሰለቻል። ነገ ይሻላል ብሎ የመረጠው ሰው ዞር ብሎ ካላየው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ከቤቱ አይወጣም። ስለዚህ ለጎረቤታችሁ ስለ ዘንዶው ሳይሆን ስለ ደረሰኙ ንገሩት።

ማንም ካልተዋጠላችሁ ባዶ ወረቀት መክተት ይቻላል። ዋጋ እንደሌለው ድምፅ ይመዘገባል እንጂ ውጤቱን አይቀይርም። ቢሆንም ቤት ከመቅረት ይለያል፤ ቤቱ የቀረ ሰው ተናዶ ይሁን ተኝቶ ማንም አያውቅለትም።

ለዚህ ሁሉ መመዝገብ ይቀድማል። 18 ዓመት የሞላችሁና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖራችሁ ከሆነ፣ እጩዎቹ እስኪያምሯችሁ ሳትጠብቁ ካርዱን አውጡ። ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ በድምፅ መስጫው ቀን ሄዶ መለማመጥ አያዋጣም።