ኡቡንቱ ላይ ሶፍትዌር አልጫን፣ አልገነባ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

አዳማ ላይ ኡቡንቱ ያለው ኮምፒውተር ሶፍትዌር አልቀበል ሲል የሚወቀሰው ሊኑክስ ነው። ጥፋተኛው ግን ብዙ ጊዜ መሀል ላይ የሄደ መብራት፣ የሚቆራረጥ ኔትወርክ፣ የተዛባ ሰዓት ወይም ፍላሽ ነው። የሚከተለው ለኡቡንቱና ለዴቢያን ይሠራል። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናል ላይ የሚገቡት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ፓኬጅ ስንል ደግሞ የሶፍትዌሩን እንጂ የቴሌውን አይደለም።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ምንም አይጫንም

ምልክት፦ ምንም ለመጫን ቢሞከር «ዲፒኬጂ ዋዝ ኢንተራፕትድ» ይላል።

መንስኤ፦ ፓኬጅ የሚጭነው ፕሮግራም፣ ዲፒኬጂ፣ ፓኬጁን መጀመሪያ ይፈታዋል፣ ቀጥሎ ያዋቅረዋል። መብራቱ በሁለቱ መሀል ከሄደ ፓኬጁ እንደተንጠለጠለ ይቀራል፤ እሱ ሳይቃና ሌላ አይገባም።

መፍትሔ፦ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» (ሱዶ ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስኬዳል)። ሲጨርስ ፓኬጅ ከኢንተርኔት በሚያወርደው በአፕት፣ «ሱዶ አፕት -ኤፍ ኢንስቶል» የጎደሉትን ተጓዳኝ ፓኬጆች ይሞላል። ዲስክ ላይ ሳይሰፍር መብራት የቀደመው ፋይል 0 ባይት ሆኖ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ከሆነ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል --ሪኢንስቶል» ብሎ የፓኬጁን ስም ማስከተል ነው።

ከዚህ የከፋው «/ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ስቴተስ» ሲበላሽ ነው። ይህ ፋይል የተጫነው ሁሉ መዝገብ ነው። ደግነቱ አጠገቡ «ስቴተስ-ኦልድ» የሚባል ቅጂ አለ፤ የቆዩት ደግሞ «/ቫር/ባካፕስ» ውስጥ ይገኛሉ። የተበላሸውን ስሙን ቀይሮ ወደ ጎን ማድረግ፣ ከዚያ ቅጂውን በቦታው መተካት ነው።

«ኩድ ኖት ጌት ሎክ» የሚለው ግን ብልሽት አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ራሱን ማዘመን ጀምሮ ይሆናል። መልእክቱ ቁልፉን የያዘውን ፕሮሰስ በስም ይጠራል፤ «አንአተንድድ-አፕግር» ካለ እስኪጨርስ ይጠብቁ። የሎክ ፋይሉን ሰርዙ የሚለውን ምክር አይስሙ፤ ሁለት ፕሮግራሞች አንድ መዝገብ ላይ እኩል ከጻፉ ከላይ ያለው ጣጣ ይመጣል።

አፕት አፕዴት «ኖት ቫሊድ የት» ይላል

መንስኤ፦ የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲያልቅ፣ ሶኬቱ በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። የፓኬጆቹ ዝርዝር የተፈረመበት ቀን ገና ያልደረሰ ስለሚመስለው አፕት አይቀበለውም፤ ብሮውዘሩም የድረ ገጾችን ሰርተፍኬት አላምንም ይላል።

መፍትሔ፦ «ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤንቲፒ ትሩ»፤ ኢንተርኔት ካለ ሰዓቱ ራሱ ይስተካከላል። ለዘለቄታው 3 ቮልቱን ሲአር2032 ባትሪ መቀየር ነው። በእጅ የሚያስተካክሉ ከሆነ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይሙሉ፤ በእኛ ከሞሉት ኮምፒውተሩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ስህተቱም ባለበት ይቀጥላል። ጠዋት 3 ሰዓትም ለእሱ 9 ነው።

ዊንዶውስና ኡቡንቱ አብረው ያሉበት ላፕቶፕ ደግሞ በተቃራኒው 3 ሰዓት ይቀድማል። ዊንዶውስ የማዘርቦርዱን ሰዓት የአገር ውስጥ ሰዓት ያደርገዋል፣ ሊኑክስ ግን የግሪንዊች መስሎት 3 ይደምርበታል። ሜክ (ፕሮግራምን ከሶርስ ኮዱ የሚገነባው መሣሪያ) ሲሠራ «ክሎክ ስኪው ዲቴክትድ» ካለ የዚህ ውጤት ነው። «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» ከሰጡ በኋላ «ሜክ ክሊን» ብሎ እንደገና መገንባት ይበቃል።

«ሃሽ ሰም ሚስማች»

የወረደው ዝርዝር ወይም ፓኬጅ ከታወጀው ቼክሰም (የፋይሉን ትክክለኛነት ማረጋገጫ ቁጥር) ጋር አልገጠመም፤ ኔትወርኩ ቆርጦታል ወይም ከኢንተርኔቱ ጋር የሚያገናኝ መሀል ያለ ሰርቨር (ፕሮክሲ) ያረጀ ቅጂ ሰጥቷል። «/ቫር/ሊብ/አፕት/ሊስትስ» ውስጥ ያለውን አጥፍቶ አፕዴት መድገም ነው።

ለብዙ ኮምፒውተሮች አንድ ነገር የሚጭን ሰው ለእያንዳንዱ ዳታ ማቃጠል የለበትም። በአንዱ ላይ «ሱዶ አፕት-ጌት ኢንስቶል --ዳውንሎድ-ኦንሊ» ብሎ ሌሊት፣ ዳታው ርካሽ ሲሆን ያውርድ፤ ፋይሎቹ «/ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ» ውስጥ ይጠራቀማሉ። በፍላሽ ወደ ሌሎቹ ተመሳሳይ ማውጫ ገልብጦ እዚያ መጫን ነው፣ የኡቡንቱው ቨርዥን አንድ እስከሆነ ድረስ። ልብ ይበሉ፦ አፕት የሚባለው አዲሱ ትእዛዝ ጭኖ ሲጨርስ የወረዱትን ያጠፋል፤ አፕት-ጌት ያስቀራል።

ከፍላሽ ላይ «ፐርሚሽን ዲናይድ»

ሶርስ ኮዱ (ፕሮግራመሩ የጻፈው ጽሑፍ) ፍላሽ ላይ ተፈትቶ ለግንባታ የሚያዘጋጀው «./ኮንፊገር» ሲባል የሚመጣ ነው። ፍላሽ ብዙ ጊዜ የሚፎርማትበት ፋት32 የሊኑክስን ፈቃድ አይመዘግብም፣ ሲምቦሊክ ሊንክም (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) አይቀበልም። ሱዶ ማስቀደም አያድንም። የታመቀውን ፋይል ሳይፈቱ ወደ ሆም ገልብጠው እዚያ ይፍቱት።

ከሶርስ ሲገነባ

ረጅሙን ጽሑፍ ከታች ጀምሮ ማንበብ አያዋጣም፤ ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ የሚገጥመውን የመጀመሪያውን «ኤረር» ይፈልጉ። ቀሪው የእሱ ጭራ ነው።

ኮንፊገር ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም) አጣሁ ካለ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቢልድ-ኢሴንሻል»። «ዜድሊብ.ኤች፦ ኖ ሰች ፋይል» ካለ ደግሞ ዜድሊብ የሚባለው ላይብረሪ ራሱ ተጭኖም ሊሆን ይችላል፤ የጎደለው ለገንቢ የሚያስፈልገው ሄደር (ላይብረሪውን ለኮምፓይለሩ የሚያስተዋውቅ ፋይል) ነው። ዴቢያን ሄደሮቹን መጨረሻው «-ዴቭ» በሆነ ሌላ ፓኬጅ ያስቀምጣቸዋል፣ እዚህ «ዜድሊብ1ጂ-ዴቭ» ማለት ነው። የትኛው ፓኬጅ ውስጥ እንዳለ ካልታወቀ «አፕት-ፋይል ሰርች» የሄደሩን ስም ሰጥቶ ይጠየቃል።

«ኪልድ» ብሎ ከቆመ ራም አልቋል። «ሱዶ ዲሜስግ» ውስጥ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል መስመር ያገኛሉ። ከባድ የሲ ፕላስ ፕላስ ፋይል አንዱ ብቻ ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል፤ 4 ጊጋ ራም ላይ «ሜክ -ጄ4» ማለት አራት እንዲህ ዓይነት ባላንጣ በአንዴ መጥራት ነው። ወደ «-ጄ1» ይውረዱ፣ ካልበቃ 4 ጊጋ የስዋፕ ፋይል (ዲስክ ላይ ራምን የሚያግዝ ቦታ) ይጨምሩ፦ «ፋሎኬት -ኤል 4ጂ /ስዋፕፋይል»፣ «ሲኤችሞድ 600»፣ «ኤምኬስዋፕ»፣ «ስዋፕኦን»፣ ሁሉም በሱዶ፣ ሦስቱ የፋይሉን ስም አስከትለው።

«ኢንተርናል ኮምፓይለር ኤረር» ሲመጣ ያለምንም ለውጥ ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ሁልጊዜ እዚያው ፋይል፣ እዚያው መስመር ላይ ከወደቀ የኮምፓይለሩ ስህተት ነው። ቦታ እየቀያየረ ከወደቀ ሃርድዌሩን ይጠርጥሩ፤ አዳማ ላይ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት፣ አቧራ በዘጋው ማራገቢያ፣ ግንባታ ፕሮሰሰሩን ሙሉ ኃይል ለሰዓታት ያሠራዋል። «ኤልኤም-ሴንሰርስ» ጭነው «ሴንሰርስ» ይበሉ፤ ወደ 100 ዲግሪ እየተጠጋ ከሆነ ማራገቢያውን ይጥረጉ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ይቀይሩ። ሙቀቱ ደህና ከሆነ ግን ራሙን በሜምቴስት ሌሊቱን ይፈትሹ።

ተገንብቶ፣ ተጭኖ፣ ሲከፈት «ኤረር ዋይል ሎዲንግ ሼርድ ላይብረሪስ» ካለ፣ «ሜክ ኢንስቶል» ላይብረሪውን «/ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ» አስገብቶታል፣ የሲስተሙ ካሽ ግን አልሰማም። «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ» አንዴ። አሮጌው ቨርዥን ከተከፈተ ደግሞ «ታይፕ -ኤ» ብለው ስሙን ይስጡ፤ ሁለት ቦታ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ፣ በአፕት የገባውን ያስወግዱና «ሃሽ -አር» ይበሉ።