ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ አፊሊየት ማርኬቲንግ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአፊሊየት ሥራ ባጭሩ ይህ ነው፦ የሌላ ድርጅትን ዕቃ ወይም አገልግሎት ይጠቁማሉ፤ ለእርስዎ የተሰጠውን ሊንክ ተጭኖ የገባ ሰው ከገዛ ኮሚሽን (ከሽያጩ ድርሻ) ይታሰብልዎታል። ዕቃ አያከማቹም፣ አይልኩም፣ ከገዢ ገንዘብ አይቀበሉም። መደበኛ ሥራና ቤተሰብ ኖሮት በሳምንት ከ5 እስከ 7 ሰዓት ለሚተርፈው ሰው የሚመቸው ለዚህ ነው። ለመጀመር ቀላል በመሆኑ ግን ብዙዎች ሳያስቡ ይገቡበታል።

የሚያውቁትን ትቶ ኮሚሽን የበዛበትን መምረጥ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። «50 በመቶ ኮሚሽን» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ሞክሮት ስለማያውቀው የክብደት መቀነሻ መጻፍ ይጀምራል። አንባቢ ግን ከልምድ ያልመጣ ምክርን ሁለት አንቀጽ ሳያነብ ይለየዋል። 20 ዓመት ሒሳብ የሠራ ባለሙያ የትኛው ሶፍትዌር ወር ሲዘጋ እንደሚያስቸግር ያውቃል። ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ነርስ የትኛው ጫማ ከስድስት ወር በኋላ እንደሚረግብ ታውቃለች። የዕድሜዎ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ወጣት ተፎካካሪዎ በቪዲዮ አሠራር ቢበልጥዎት እንኳ ይህን እውቀት በአንድ ጀምበር አያገኘውም።

መስክዎን ለመለየት፣ ሰዎች ስለ ሙያዎ ወይም ስለ ትርፍ ጊዜ ሥራዎ የሚጠይቁዎትን 30 ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ይጻፉ። 30 ካልሞሉ ሌላ መስክ ይፈልጉ። ከሞሉ ደግሞ ለመግዛት የተቃረበ ሰው በሚጠይቃቸው ይጀምሩ። «ወንበር ምንድን ነው?» ብሎ የሚያነብ ሰው አይገዛም፤ «ጀርባዬን ለሚያመኝ የትኛው ወንበር ይሻለኛል?» የሚለው ግን ገንዘቡን አዘጋጅቶ ነው የመጣው።

ሒሳቡን ሳይሠሩ መጀመር

ለምሳሌ 1,000 ሰው ጽሑፍዎን አነበበ እንበል። ከመቶ 5ቱ ሊንኩን ቢጫኑ 50 ሰው ይሆናል፤ ከነዚያ ከመቶ 4ቱ ቢገዙ 2 ገዢ። ዕቃው 60 ዶላር፣ ኮሚሽኑ 4 በመቶ ከሆነ የሚያገኙት 4 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነው። በዚያው 2 ገዢ 200 ዶላር የሚያወጣና 20 በመቶ የሚከፈልበት አገልግሎት ቢሆን ኖሮ 80 ዶላር ይሆን ነበር። ስለዚህ የኮሚሽን መጠን የሚታየው በሚያውቁት መስክ ውስጥ ካሉ አማራጮች መካከል ነው። ጽሑፍዎን የሚያወጡበት አዲስ ድረ ገጽ ከጉግል ፍለጋ አንባቢ እስኪያገኝ ወራት እንደሚወስድም አስቀድመው ይቁጠሩ።

የፕሮግራሙን ደንብ ሳያነቡ መመዝገብ

የአማዞንን ፕሮግራም ብንወስድ፣ ሰው ሊንክዎን ከተጫነ በኋላ ግዢው የሚቆጠርልዎት በ24 ሰዓት ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ ዕቃውን ቅርጫት ውስጥ ካስገባው ግን ግዢው እስከ 90 ቀን ድረስ ሊቆጠርልዎት ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 180 ቀናት ቢያንስ 3 ብቁ ሽያጭ ያላመጣ አካውንት ይዘጋል፤ በራስዎ ሊንክ ለራስዎ የገዙት አይታሰብም። አንድም አንባቢ ሳይኖራቸው በመጀመሪያው ቀን የሚመዘገቡ ሰዎች እነዚያን 180 ቀናት በከንቱ ያቃጥሏቸዋል። መጀመሪያ ከ15 እስከ 20 ጽሑፍ ያዘጋጁ፣ አንባቢ መምጣቱን ይዩ፣ ከዚያ ያመልክቱ።

ኮሚሽን እንደሚያገኙ መደበቅ

በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የተባለው የመንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህን ግንኙነት ለአንባቢ በግልጽ መናገርን ይጠይቃል፤ ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ደንብ አላቸው። ገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል መጻፍ አይበቃም። ከሊንኩ በፊት «በዚህ ሊንክ ከገዙ ኮሚሽን አገኛለሁ፤ ለእርስዎ ዋጋው አይጨምርም» ይበሉ። ሁለተኛው ሐረግ እውነት መሆኑን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ። የዕቃውንም ጉድለት አብረው ይጻፉ፤ ጉድለቱን የነገሩት አንባቢ ስለ ጥሩ ጎኑም ያምንዎታል።

የታየውን ቁጥር ኪስ እንደገባ መቁጠር

ዕቃው ከተመለሰ ኮሚሽኑም ይሰረዛል። ክፍያው ራሱ ይዘገያል፦ አማዞን ወሩ ካለቀ ከ60 ቀን ገደማ በኋላ ነው የሚከፍለው። የጥር ሽያጭ መጋቢት መጨረሻ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። በዚህ ገንዘብ የቤት ኪራይ ወይም የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አይቀጥሩ። ግብርም አለበትና ሲገባ ጀምሮ ድርሻውን ለይተው ያስቀምጡ።

«አንዴ ጽፎ ዕድሜ ልክ መብላት»

ደንበኛው በየወሩ እስከከፈለ ድረስ ኮሚሽን የሚሰጡ አገልግሎቶች አሉ፤ ለዘላቂ ገቢ የተሻሉትም እነሱ ናቸው። ግን ደንበኛ ይወጣል። 100 ደንበኛ አምጥተው በየወሩ ከመቶ 5ቱ ቢያቋርጡ፣ ከዓመት በኋላ የሚቀሩት 54 ገደማ ናቸው። ስለዚህ ገቢው ባለበት እንዲቆይ እንኳ አዲስ ሰው መምጣት አለበት። ሊንክም ይሞታል፤ ዕቃው ከገበያ ይወጣል፣ ድርጅቱ አድራሻ ይቀይራል። በየወሩ አንድ ቀን ይዘው ብዙ አንባቢ ያላቸውን 10 ገጾች ይክፈቱ፤ እያንዳንዱን ሊንክ ተጭነው ይዩ፣ የተለወጠውን ያስተካክሉ።

በአንድ ፕሮግራም ላይ መንጠልጠልም ያው ነው። አማዞን በሚያዝያ 2020 (እ.ኤ.አ.) የቤት ዕቃን ኮሚሽን ከ8 ወደ 3 በመቶ ሲያወርድ፣ በዚያ ብቻ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ሥራቸው ሳይቀንስ ገቢያቸው ከግማሽ በታች ወረደ። ሁለት ወይም ሦስት ፕሮግራም ይኑርዎት። ፈቃዳቸውን ሰጥተው የተመዘገቡ አንባቢዎችን የኢሜይል ዝርዝርም ይያዙ፤ የአፊሊየት ሊንክን በኢሜይል መላክ የሚከለክል ፕሮግራም ስላለ ሰዎቹን ወደ ጽሑፍዎ ይላኩ።

ለመግባት መክፈል

በመካከለኛ ዕድሜ ያለ ሰው ቁጠባ ስላለው ውድ ኮርስ ሻጮች አጥብቀው ይፈልጉታል። እውነተኛ የአፊሊየት ፕሮግራም የመመዝገቢያ ክፍያ አይጠይቅም። ገቢዎ ሌላ ሰው በማስመዝገብ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ስሙ አፊሊየት ቢባልም ሥራው ሌላ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልገው ወጪ የዶሜይን (የድረ ገጹ ስም) እና የሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ቦታ ኪራይ) ነው፤ የጡረታ ገንዘብ የሚነካበት ምክንያት የለም።