በቤት ውስጥ ስቱዲዮ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ከሰርቪስ ክፍሎቻቸው አንዱን ወደ ስቱዲዮ ለመለወጥ የሚያስቡ ሰዎች «የትኛውን ማይክሮፎን ልግዛ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ እኔ ደግሞ አስቀድሜ የክፍሉን ርዝመት፣ ወርድና የኮርኒሱን ከፍታ እጠይቃቸዋለሁ። አብዛኞቹ ክፍላቸውን ለክተው አያውቁም። ማይክሮፎን ከዘፋኙ አፍ የሚወጣውን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ከግድግዳ፣ ከወለልና ከጣሪያ ተንጸባርቆ የሚመለሰውንም አብሮ ስለሚይዝ፣ ውድ ማይክሮፎን በመጥፎ ክፍል ውስጥ የክፍሉን ጉድለት ይበልጥ አጥርቶ ከማሳየት የተሻለ ነገር አይሠራም።

የመጀመሪያው ስህተት ድምፅን ማገድንና በክፍሉ ውስጥ ያለውን ድምፅ ማስተካከልን እንደ አንድ ነገር ማየት ነው። ፎም፣ ብርድ ልብስና መጋረጃ በክፍሉ ውስጥ የሚንጸባረቀውን ድምፅ ይቀንሳሉ እንጂ የውጭውን ድምፅ አያስቀሩም፤ የውጭ ድምፅን የሚያግደው ክብደትና ክፍተት አልባነት ነው። ከዚህ አንጻር ብዙዎች የሚንቁት የቆየ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ከተለሰነ ብሎኬት የሚያንስ አይደለም፤ ገጹ ሸካራና ወጣ ገባ በመሆኑም ድምፅን እንደ ለስላሳ ልስን በአንድ አቅጣጫ አይመልስም። ድካሙ ያለው በበሩ ሥር ባለው ክፍተት፣ በመስኮቱና ከሁሉም በላይ በቆርቆሮው ላይ ነው። የሐምሌ ዝናብ የደሴን ቆርቆሮ መምታት ከጀመረ በኋላ በኮርኒስ ላይ የተለጠፈ ስስ ፎም ምንም አይፈይድም። አዛንም ቅዳሴም በድምፅ ማጉያ በሚሰማበት ከተማ ደግሞ ከሁሉ ርካሹ መፍትሔ ሰዓትን መምረጥ ነው፤ እኔ ለስለስ ያለ ድምፅ የምቀርጸው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው።

ሁለተኛው የእንቁላል ትሪ ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ፤ ከምግብ ቤቶች የለመንኳቸውን ትሪዎች በሙጫ ለጥፌ ስጨርስ ክፍሉ ስቱዲዮ መሰለ፣ ቅጂው ግን እንደ በፊቱ ነበር። ስስ ካርቶን ከፍተኛውን የድምፅ ክልል በመጠኑ ይበታትን እንደሆነ እንጂ የወንድ ድምፅም ሆነ የከበሮ ጉልበት ያለበትን ዝቅተኛ ክልል ፈጽሞ አይነካም። በዚያ ላይ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር ስለሆነ የኤሌክትሪክ ገመድ በበዛበት ክፍል ውስጥ አደገኛ ነው።

ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው፣ ግን በዓይን የማይታየው ሦስተኛው ስህተት የክፍሉን ልክ ችላ ማለት ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። ይህ ቁጥር በትይዩ ግድግዳዎች መካከል ላለው ርቀት እጥፍ ሲካፈል ክፍሉ ያለ ልክ የሚያጎላው የመጀመሪያው ድግግሞሽ (በሰከንድ ያለው የንዝረት ብዛት፣ በኸርዝ የሚለካው) ይገኛል። በብዙ ግቢዎች የተለመደው 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነው ሰርቪስ ክፍል 57 ኸርዝ ገደማን፣ ቀጥሎም 114ንና 171ን ያጎላል፤ ርዝመቱና ወርዱ እኩል በመሆናቸውም ጉድለቱ ይደራረባል። ኮርኒሱም 3 ሜትር ከሆነ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። 114 ኸርዝ ዝቅ አድርጎ የሚዘፍን ወንድ ዘወትር የሚነካው ድምፅ ነው። በትዝታ፣ በባቲ ወይም በአምባሰል ቅኝት የሚያዜም ሰው ወደ መነሻ ድምፁ ደጋግሞ ስለሚመለስ፣ መነሻው እዚያ ላይ ካረፈ በተመለሰ ቁጥር ያ ድምፅ ብቻ ይነፋል፤ በኋላ በኮምፒዩተር ሊያወጡት ሲሞክሩም የዘፋኙ የራሱ ወዝ አብሮ ይወጣል።

ለዚህ የሚረዳው በማዕዘኖች ላይ ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚቆም ወፍራም ነገር ነው። ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሮክ ዎል (ከድንጋይ ክር የተሠራ ድምፅ የሚውጥ ንጣፍ) ካልተገኘ፣ ያረጀ የጥጥ ፍራሽ ወይም ባና ደራርቦ ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ማቆም ይጠቅማል፤ ከኋላው የሚተወው ክፍተት ዝቅ ያለውን ድምፅ ይበልጥ እንዲውጥ ያግዘዋል። እስከዚያው ግን ወጪ የሌለው ዘዴ አለ፦ መሰንቆው አንድ ጅማት ስላለው ቅኝቱን በግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ መነሻውን ከክፍሉ ጉድለት ማሸሽ ይቻላል። ዘፋኙ ከተስማማበት ብዙ ጊዜ ከፍራሹ ቀድሞ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ግድግዳውን በሙሉ በ2 ሴንቲ ሜትር ፎም ሸፍኖ ክፍሉን መግደልም ስህተት ነው። ስስ ፎም ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ውጦ ወፍራሙን ስለሚተወው፣ ዘፋኙ ጆንያ ውስጥ ሆኖ የሚያዜም ይመስላል። በተለይ መንዙማ ሲቀረጽ ተቀባዮቹ፣ ጭብጨባውና ከበሮው በአንድነት የሚተነፍሱበት ጥቂት አየር ያስፈልጋል፤ ለዚህ ከሰርቪስ ክፍሉ ይልቅ ሰፋ ያለው ሳሎን ይሻላል።

ማይክሮፎንን የማስቀመጥ ስህተትም አለ። ለነጠላ ድምፅ ከአፍ 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊት ፖፕ ፊልተር (የትንፋሽን ምት የሚያለዝብ ወንፊት) አድርጎ መቆም በቂ ነው። ከዚህ እጅግ ሲቀርቡ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ያለ ልክ ያብጣል፣ ሲርቁ ደግሞ ከዘፋኙ ይልቅ ክፍሉ ይሰማል። መሰንቆን ሲቀርጹ ማይኩን ወደ ደጋኑ ብቻ ማዞር የፍትጊያውን ድምፅ ያበዛል፤ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቆዳው ወደተወጠረበት ሳጥን ማነጣጠር ሚዛኑን ይጠብቃል። ክረምት ላይ እርጥበት የመሰንቆውንም የከበሮውንም ቆዳ ስለሚያረግበው፣ መሣሪያው ክፍሉን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይጠብቁ መቅረጽ መሐል ላይ ቅኝት ማጣትን ያስከትላል።

በቅንብሩ በኩል ብዙዎች የሚሳሳቱት ጌይን (የማይክሮፎኑ ድምፅ ሲገባ የሚጎላበት መጠን) ላይ ነው። ቀዩን መብራት ካላበራ ድምፁ ደካማ ነው የሚል እምነት ከካሴት ዘመን የተረፈ ይመስለኛል። በ24 ቢት ጥራት ሲቀረጽ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ (መቅረጫው ሊይዝ ከሚችለው ጣሪያ) በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢሆን ምንም የሚጎድል ነገር የለም፤ ዜሮን አልፎ የተሰነጠቀ ድምፅ ግን አይጠገንም። ሙከራውም ዘፋኙ በሚጮህበት ቦታ እንጂ «አንድ፣ ሁለት» በሚልበት ድምፅ መሆን የለበትም። ሳምፕል ሬት (በሰከንድ የሚወሰደው የድምፅ ናሙና ብዛት) 48 ኪሎ ኸርዝ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማሳደግ ዲስክ ከመሙላት ያለፈ ጥቅም እምብዛም የለውም። ባፈሩ (ኮምፒዩተሩ ድምፁን ከማስተናገዱ በፊት የሚያጠራቅመው የናሙና ብዛት) በሚቀረጽበት ጊዜ 128፣ ሚክስ ሲደረግ 512 ወይም 1,024 ቢሆን ይመረጣል፤ በትልቅ ባፈር የሚቀረጽ ዘፋኝ የራሱን ድምፅ በሄድፎኑ ዘግይቶ ስለሚሰማ ሪትሙን ይስታል።

ስለ ኤሌክትሪክም አንድ ነገር ልጨምር። ከ50 ኸርዝ የመብራት መስመር የሚመጣ እምምታ ሲሰማ ማይኩን ከመወንጀል በፊት ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅሎ በባትሪ መሞከር ይገባል፤ እምምታው ከጠፋ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ግራውንድ (የመሬት ሽቦ ግንኙነት) ነው። መብራት በድንገት ሊጠፋ በሚችልበት አካባቢ የሚቀርጽ ሰው ኢንተርፌሱን (ማይክሮፎኑን ከኮምፒዩተሩ የሚያገናኘውን መሣሪያ) ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚያቆይ መሣሪያ) ጋር ማገናኘትና እያንዳንዱ ቅጂ እንዳለቀ ወዲያው ማስቀመጥ አለበት።