ቆመው ሲረግጡ ሰንሰለት ለሚዘልባቸው፦ ማውንቴን ብስክሌት አስፓልት ላይ ሲወጣ፣ ችግርና መፍትሄ

ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ማውንቴን ሲነዱ ቆይተው ከጓደኞቻቸው ጋር የኮርስ (የአስፓልት ውድድር ብስክሌት) ልምምድ የሚጀምሩ ልጆች ብስክሌታቸውን ይዘውልኝ ይመጣሉ። የሚያመጡት ችግር ተመሳሳይ ነው። ጎማ መንፋትና ቡሎን ማጥበቅ ስለምታውቁ አልደግመውም። ቀላል ቀላሉን በአጭሩ ብዬ ወደ ዋናው እሄዳለሁ።

ሜዳ ላይ ቡድኑ ጥሎኝ ይሄዳል፣ እግሬ ግን አልደከመም

ማርሽ አልቆባችሁ ነው። የፊት ማርሹ 32 ጥርስ፣ የኋላ ትንሿ 11 ጥርስ ከሆነች፣ በ29 ኢንች ጎማ ፔዳሉን በደቂቃ 90 ጊዜ ብታዞሩ የምታገኙት በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ኮርሱ ግን ከፊት በ50፣ ከኋላ በ11 ጥርስ፣ በዚያው የእግር ፍጥነት በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ፍሬሙ ከፈቀደ የፊቱን ወደ 34 ወይም 36 ቀይሩት፤ ሰንሰለቱም አብሮ መርዘም አለበት። የፊት ማርሹ ፍሬሙን የሚነካ ከሆነ አታስገድዱት።

ጎማው ያጉረመርማል፣ ብስክሌቱ ይከብዳል

ጥርሳም ጎማ ለጭቃ ነው። ለስላሳና ጠበብ ያለ ግዙ፣ ንፋሱን ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ሳታሳልፉ ሙሉ። የፊት ሹካው መቆለፊያ ካለው ዳገት ላይ ቆልፉት።

ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል

ኮርቻው ዝቅ ብሏል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዛችሁን አስቀምጡበት፤ እግራችሁ ቀጥ እስኪል ድረስ ኮርቻውን ከፍ አድርጉ። ቱቦው ላይ ካለው የመጨረሻ ምልክት ግን አትለፉ።

ቆሜ ስረግጥ ሰንሰለቱ ይዘላል

ዋናው ይህ ነው። ደጋግሜ የማየውም ይህንኑ ነው።

የሚጀምረው ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ፣ የቦርከናን ሸለቆ ተከትሎ ቡድኑ ሲፈጥን ነው። አንዱ ለማምለጥ ከኮርቻው ይነሳል፣ ሙሉ ክብደቱን ፔዳሉ ላይ ይጥላል፣ ከዚያ "ቋ!" ይላል። እግሩ ባዶ ይወርዳል። አንድ ወዳጃችን እንዲህ ሆኖ ጉልበቱ ከመሪው ግንድ ጋር ተጋጨ፤ ከኋላው ተጠግቶ ይነዳ የነበረውም አብሮት ወደቀ። ከኋላቸው መኪና ስላልነበረ ነው የተረፉት። ስለዚህ የሚዘል ሰንሰለት ይዛችሁ ቡድን ውስጥ አትግቡ። "ቀስ ብዬ እነዳለሁ" ማለት መፍትሄ አይደለም፤ ሌላው ሲፈጥን እናንተም ትነሳላችሁ።

ሁሉም መጀመሪያ የሚነካው የማርሽ ኬብሉን ነው። ያጠብቃል፣ ያላላል፣ በመጨረሻ ደህና የነበሩትንም ማርሾች ያበላሻል። ኬብሉን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ መልሱልኝ፦ የሚዘለው የትኛዋ ማርሽ ላይ ነው?

ትንንሾቹ ላይ ብቻ፣ 11ና 12 ወይም 13 ጥርስ ያላቸው ላይ ከሆነ ማርሾቹ ተበልተዋል። ማውንቴን ወደ አስፓልት ሲወጣ መጀመሪያ የሚሞቱት እነዚህ ናቸው። ተራራ ላይ ትንሿን ማርሽ የምትጠቀሟት ቁልቁለት ላይ ለአፍታ ነው። ከኮርስ ጋር ስትሮጡ ግን ከላይ ባልኩት ስሌት ሜዳውን በሙሉ እሷ ላይ ናችሁ። 11 ጥርስ ካላት ማርሽ በአንድ ጊዜ ሰንሰለቱን የሚይዙት ግማሽ ያህሉ ጥርሶች ናቸው፤ የእግራችሁ ኃይል በሙሉ በአምስት በስድስት ጥርስ ላይ ያርፋል። ትልቋ ማርሽ ግን ለብዙ ጥርስ ታካፍለዋለች።

ከብርሃን ፊት አድርጋችሁ እዩአት። ጤነኛ ጥርስ በሁለቱም ጎን እኩል ነው። የተበላው አንዱ ጎኑ ተቦርቡሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላል፣ እንደ መንጠቆ ይሆናል። በጥፍራችሁ ብትዳስሱት ጫፉ ላይ ስለታም ጠርዝ ታገኛላችሁ።

የሰንሰለቱን መበላትም ለኩ። ሰንሰለት እንደ ላስቲክ አይለጠጥም፤ ፒኑና ሮለሩ (ፒኑ ላይ የሚዞረው ትንሽ ቀለበት) ውስጥ ውስጡን ሲበላ ነው ርዝመቱ የሚጨምረው። ከፒን እስከ ፒን ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ 24ቱ ሲደመር 304.8 ይመጣል። ሰንሰለቱን ወጥራችሁ በብረት ሜትር ለኩት። የተማሪ ማስመሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ያልቃል፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ደግሞ ራሱ ይለጠጣል፤ ሁለቱም አይሆኑም። 306.3 ከደረሰ ባለ 11 እና ባለ 12 ማርሽ ሰንሰለት ይቀየር (ይህ የኋላ ማርሾቹ ብዛት ነው፣ የጥርስ ቁጥር አይደለም)። ባለ 8፣ ባለ 9 እና ባለ 10 እስከ 307 ይታገሳል። 308 ካያችሁ ማርሾቹንም በልቷል ማለት ነው።

አንድ ልጅ አዲስ ሰንሰለት ገዝቶ፣ ገጥሞ፣ ተናዶ መጣ። "አዲሱ ከአሮጌው ብሶ ይዘላል፣ ፎርጂድ ሸጡልኝ" አለኝ። ሰንሰለቱ ደህና ነበር። አሮጌው ከተበሉት ማርሾች ጋር አብሮ ስለተበላ ተስማምቶ ይሄድ ነበር፤ አዲሱ ትክክለኛ ርቀት ስላለው የተበላው ጥርስ ላይ አይቀመጥም። አብሽር፣ ካሴቱን (የኋላ ማርሾቹን ስብስብ) በሙሉ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። በብዙ ካሴቶች ላይ ትንንሾቹ ማርሾች ተነጥለው ይወጣሉ። መዝጊያ ቀለበቱን በራሱ ቁልፍ ፈታችሁ፣ ተመሳሳይ ቁጥርና ተመሳሳይ የማርሽ ብዛት ካለው ሌላ ካሴት ላይ ባለ 11 እና ባለ 12 ጥርሷን ወስዳችሁ መግጠም ትችላላችሁ። ስትገጥሙ ቅደም ተከተሉንና በማርሾቹ መሃል ያለውን ቀለበት አትርሱ። መዝጊያውን በመዶሻና በመፍቻ እየመታችሁ አትፍቱት! እንዲህ ተደርጎ ጥርሱ የተላጠ ቀለበት ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ርካሽ ሰንሰለትን በሚመለከት ትዕግስት የለኝም። በካርቶን ሳይሆን በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ስንት ማርሽ እንደሚሆን እንኳ ሳይጻፍበት የሚሸጥ አለ። አትግዙት። የወጣ ፒን መልሶ መምታትም ይቅር፤ በተለይ ባለ 10 እና ከዚያ በላይ በሆነ ሰንሰለት ላይ። ዳገት ላይ ይበጠሳል። መጋጠሚያ ግዙ።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ! ከመኪና የወጣ ጥቁር ዘይት በነጻ ስለሚገኝ ሰንሰለት ላይ ያፈሱታል። የሞተሩን የብረት ብናኝ ይዟል፣ የመንገዱን አቧራ ይሰበስባል፣ ሰንሰለቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝ እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ ለእያንዳንዱ ሮለር አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ስጡ፣ ከዚያ ውጭውን በጨርቅ ጥረጉ። ጋዙ ዲስክ ወይም ቸርኬ እንዳይነካ። ፍሬን አይኖራችሁም።

አሁን ሌሎቹን ልጥቀስ። የሚዘለው ሁሉም ማርሽ ላይ ከሆነና ፔዳሉ ባዶ ከሮጠ በኋላ የሚነክስ ከሆነ ችግሩ ፍሪሃቡ (የኋላ ማርሾቹ የተቀመጡበት፣ እግራችሁን ስታቆሙ ጎማው ብቻውን እንዲዞር የሚለቀው ክፍል) ውስጥ ነው። ወፍራም ግራሶ የሞላበት ሰው አለ፤ በደሴ የጠዋት ብርድ ግራሶው ይረጋል፣ ውስጥ ያሉት ጥፍሮች ተጣብቀው ይቀራሉ። አጥባችሁ ቀጭን ዘይት አድርጉለት። ማርሹ የትም ሆኖ ሰንሰለቱ ዙሩን ጠብቆ የሚነጥር ከሆነ አንድ መገጣጠሚያ ደርቋል፤ በእጃችሁ ወደ ጎንና ጎን እያጠፋችሁ አላሉት።

ትልቋ ማርሽ ላይ ሲደርስ ወደ ራጂው የሚጠጋ ከሆነ ግን ቁሙ። ብስክሌቱ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ሄዷል፤ ማርሽ መቀየሪያው የተንጠለጠለበት ጆሮ ጠሟል። በዚህ ሁኔታ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት አትውጡ፤ መቀየሪያው ራጂ ውስጥ ገብቶ ጎማውን ይቆልፋል። ጆሮው ይቀየር ወይም በልኩ ይቃና። በግራ ጎኑ ብትጭኑት ይህ ሁሉ አይመጣም።

ሐረጎን ስወርድ ፍሬኑ ይሸታል፣ ኃይሉ ይቀንሳል

ፍሬኑን ይዛችሁ ስለምትወርዱ ነው። ከኩርባው በፊት ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ከዚያ ልቀቁት፣ ይቀዝቅዝ። ሸራው አብረቅርቆ ከደነደነ ቀይሩት።

ጥገናውን ስትጨርሱ መኪና የማይበዛበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ብቻችሁን ሞክሩት። መጀመሪያ ተቀምጣችሁ፣ ከዚያ ቆማችሁ፣ እያንዳንዷ ማርሽ ላይ በየተራ ርገጡ። አንዷ እንኳ ከዘለለች ወደ ቡድኑ አትመለሱ፤ ብስክሌቱን መልሱት።