የስለላ ፊልም ፌዝ በደብረ ብርሃን እንዴት ይሠራል?

በስለላ ፊልም ላይ የሚፌዝ አጭር ኮሜዲ መሥራት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው ቀልድ መፈለግ ሳይሆን የቁም ነገሩን ፊልም ልማድ መመዝገብ ነው። የመጀመሪያው የጄምስ ቦንድ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1962 ከወጣ ወዲህ ተመልካች ጥቁሩን ሱፍ፣ የይለፍ ቃሉን፣ ወደ ዜሮ የሚቆጥረውን ቦምብና የተደበቀውን መሣሪያ ለምዷል። እ.ኤ.አ. በ1965 የተጀመረው ጌት ስማርት የተባለው ተከታታይ ኮሜዲ የሰላዩን ስልክ ጫማው ውስጥ ሲያስገባ ልማዱን እንዳለ ትቶ ዕቃውን ብቻ መለወጡ ነበር። ከልማዶቹ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ይምረጡ፤ ለአምስት ደቂቃ ፊልም ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ቀጥሎ የመረጡትን ወደ አገሩ ያምጡ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ በኅዳር ውርጭ ሰው ሁሉ ጋቢና ብርድ ልብስ ተከናንቦ በሚቆምበት መናኸሪያ በስስ ሱፍና በጥቁር መነጽር ከአውቶቡስ የሚወርደው «ምስጢራዊ» ሰላይ ከሩቅ የሚለይ ብቸኛው ሰው ይሆናል።

የይለፍ ቃሉ ትዕይንት ሰፊ ጊዜ ይሰጠው። የቦምቡ ሰዓት እየቆጠረ ሰላዩ ማለዳ አረቄ ቤት ይገባና ምስጢሩን ለያዙት እናት «ንስሩ ከጎጆው ወጥቷል» ይላቸዋል። እርሳቸውም «እንዴት አደርክ ልጄ? እናትህ ደኅና ናቸው? ከብቱስ? አዝመራውስ?» እያሉ ይቀጥላሉ፤ ሰላምታው በወጉ ሳያልቅ ምላሹን አይሰጡም። ካሜራው ሦስት ጊዜ ወደ ሰዓቱ ይመለስ፤ በተመለሰ ቁጥር ጥያቄው ይብዛ እንጂ እናቲቱ አይቸኩሉ። ሁለቱም ተዋንያን ኮስታራ ይሁኑ፤ አንዱ ፈገግ ካለ ትዕይንቱ ይፈርሳል። ለረጅም ዘመን በቁም ነገር ድራማዎች ሲተውን የኖረው ሌስሊ ኒልሰን እ.ኤ.አ. ከ1980 ወዲህ በኮሜዲ የገነነው ያንኑ የማይስቅ ፊቱን ይዞ በመምጣቱ ነበር።

ሰላዩ የሚወድቅበት ትዕይንት ካለ ጭድ የታጨቀ ማዳበሪያ ከዕይታ ውጭ አስቀምጠው አወዳደቁን በዝግታ ያለማምዱ፤ ውርጭ ባለበት ድንጋይ ላይ ግን ፈጽሞ አይቅረጹ። ስልኩን አግድም በማቆሚያ ላይ አድርገው ተዋናዩ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግሩ እንዲታይ፣ ሳያቋርጡ ይቅረጹ፤ ምስሉ በመሀል ከተቆረጠ ተመልካች መውደቁን አያምንም። በእኔ ግምት ከውድቀቱ ይልቅ የሚያስቀው በአጠገቡ ቆመው ምንም ያልመሰላቸው አዛውንት ናቸው፤ ስለዚህ እርሳቸውንም በዚያው ምስል ውስጥ ያስገቡ።

የመላተሙ ድምፅ በቅንብር ጊዜ ይጨመራል። ቅንብሩ ሲያልቅ ድርሰቱን ላላነበበ ሰው ያሳዩና ዐይኑ ከስክሪኑ የሸሸበትን ቦታ ያሳጥሩ።