የአሮጌ ትራክተር ካምቢዮ ዘይት ከየት እንደሚያፈስ እንዴት ይለያል?

አሮጌ ትራክተር ባደረበት ቦታ የዘይት ጠብታ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ዘይቱ የሚንጠባጠብበትና የሚያፈስበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ናቸው፤ ከላይ የወጣው ዘይት የካምቢዮውን ጎን ይዞ ይወርድና ዝቅ ካለው ብሎን ጫፍ ላይ ይንጠባጠባል። ለምሳሌነት እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 የተመረተውን ማሴይ ፈርጉሰን 135 እንውሰድ። በዚህ ትራክተር ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና የእርሻ መሣሪያ ማንሻው ሃይድሮሊክ የሚጋሩት 30 ሊትር ገደማ የሆነ አንድ ዘይት ስለሆነ፣ በየትኛውም በኩል ቢያፈስ የሚጎድለው ያው ነው።

በመጀመሪያ ትራክተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፤ የማንሻ ክንዶቹን ያውርዱ፣ ሞተሩን ያጥፉና ጎማዎቹን በድንጋይ ያስደግፉ። የሞተሩንና የካምቢዮውን ዘይት ልክ በየመለኪያቸው አይተው ከነቀኑ ይጻፉ፤ ይህች ማስታወሻ በኋላ ብዙ ክርክር ታስቀራለች። ከዚያ ጭቃውንና ከዘይት ጋር ተጋግሮ የደረቀውን አቧራ በናፍጣ አጥበው በደንብ ያድርቁ።

ዘይቱ ሲሞቅ ስለሚቀጥን፣ ትራክተሩን ግማሽ ሰዓት ያህል ካሠሩት በኋላ አጥፍተው እንደገና ይወልውሉትና የሚጠረጠሩትን መገጣጠሚያዎች የሕፃናት ፓውደር ይነስንሱባቸው። ከሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፈው፣ ትራክተሩን በቆመበት አስነሥተው ማንሻውን ደጋግመው ከፍና ዝቅ ያድርጉ። ሞተሩ ሳይጠፋ ማንም እጁን ከኋላ ወጥቶ ለእርሻ መሣሪያ ኃይል ወደሚሰጠው ተሽከርካሪ ዘንግ (ፒቲኦ) አያስጠጋ። ካጠፉት በኋላ በነጩ ፓውደር ላይ የወረደውን ቀጭን እርጥብ መስመር ወደ ላይ ቢከተሉት፣ የሚያፈሰው መስመሩ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ከማንሻው ክዳን ሥር ከጀመረ ጋስኬቱን (በመገጣጠሚያው መካከል የሚገባውን ማሸጊያ)፣ ከዚሁ ከኋለኛው ተሽከርካሪ ዘንግ ዙሪያ ከጀመረ ደግሞ የዘንጉን ኦይል ሲል (በዘንጉ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ቀለበት) ይመልከቱ፤ ሁለቱም ትራክተሩን ለሁለት ሳይከፍሉ የሚሠሩ ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ባለው የፍሪሲዮን ቤት፣ መካኒኮች ካምፓና በሚሉት ላይ ነው። ከሥሩ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በእርሷ ውስጥ ላላ ብሎ የተንጠለጠለው እግሩ ለሁለት የተከፈለ ፒን በንዝረት እየተንቀሳቀሰ ጭቃ እንዳይደፍናት ይከላከላል። በዚህች ቀዳዳ ዘይት ከወጣ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት ሁለት ናቸው፦ የሞተሩ የኋላ ኦይል ሲልና ከፍሪሲዮኑ ወደ ካምቢዮው የሚገባው ዘንግ ኦይል ሲል። ጥቂት ጠብታ በነጭ ወረቀት ይቀበሉ። የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥላሸት ስላለበት ጥቁር ነው፤ የካምቢዮው ግን ማር ወይም ቡና ይመስላል። የፍሪሲዮን ብናኝ ሁለቱንም ሊያጠቁራቸው ስለሚችል በቀለም ብቻ አይፍረዱ፤ ከጥቂት ቀናት ሥራ በኋላ የትኛው ዘይት እንደቀነሰ ከማስታወሻዎ ጋር ያመሳክሩ። ቀዳዳዋን በእንጨት ወትፎ «ዳነ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ዘይቱ ግን ውስጥ ተጠራቅሞ የፍሪሲዮኑን ሸራ ሊያርሰው፣ ፍሪሲዮኑም ሊንሸራተት ይችላል።

እነዚህን ሲሎች ለመቀየር ትራክተሩ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ለሁለት መከፈሉ ስለማይቀር፣ ሁለቱንም አብሮ መቀየር ይሻላል፤ የአንድ ሲል ዋጋ ሥራውን ዳግመኛ ከመጀመር ጋር አይወዳደርም። አዲሱ ከመግባቱ በፊት የሲሉ ከንፈር የሚያርፍበትን የዘንጉን ክፍል አጽድተው በጥፍርዎ ይዳስሱ። ጥፍርዎ የሚይዘው ጎድጓዳ መስመር ካለ፣ ዘንጉ ካልታደሰ አዲሱም ሲል ብዙ ሳይቆይ ያፈሳል።

ፍሬን በአንድ በኩል ብቻ መያዝ ካቆመ፣ ወይም የኋላው ቸርኬ በውስጥ ጎኑ ከረጠበ፣ ታምቡሩን ያስፈቱ። የ135 ፍሬን በዘንግ የሚሳብ እንጂ በፍሬን ዘይት የሚሠራ ስላልሆነ፣ ሸራውን ያራሰው ዘይት የአክስሉን ሲል አልፎ የመጣ ነው። ይህ ሳይጠገን መንገድ ላይ መውጣት አይገባም።

የካምቢዮው ዘይት ወተት የመሰለ ከሆነና ልኩም በመቀነስ ፈንታ ከጨመረ ውሃ ገብቶበታል፤ የሚፈሰውም ሞልቶ የተረፈው ሊሆን ይችላል። ትራክተሩ ቆሞ ካደረ በኋላ ጠዋት ሳያስነሡት የታችኛውን የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ትንሽ ብቻ ያላሉት። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ፣ ያልተቀላቀለው ቀድሞ ይወርዳል። ያኔ ከየትኛውም ሲል በፊት የማርሽ መቀየሪያውን ዘንግ የሚሸፍነውን ላስቲክ ያዩታል፤ ከተቀደደ ዝናብ የሚገባው በእርሱ በኩል ነው።