የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የመደጋገፊያ ቡድን እንዴት ይቋቋማል?

ለመጀመር ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይበቃል። ሰው ለማግኘት ከክትትል ቀን የተሻለ ጊዜ የለም፤ አማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ ሰፈር ባለ ጤና ጣቢያ፣ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ስለ መድኃኒታቸው ይጠያየቃሉ። ነርሶችና ሐኪሞች ለሌሎች እንዲነግሩላችሁ ጠይቁ፤ ቡድኑን ግን አይምሩት። ባለሙያ ከተቀመጠ ሁሉም መልስ የሚጠብቀው ከእሱ ነው፤ መድኃኒት ያቋረጠም ሰው ይደብቃል። እ.ኤ.አ. በ1957 በሲድኒ የተጀመረው ግሮው የተባለው ማኅበር ሕመሙን ራሳቸው ባዩ ሰዎች የተቋቋመ ነው፤ ዛሬም ድረስ ይሠራል።

በሩ የሚዘጋ ክፍል ፈልጉ፤ የወጣት ማዕከል ወይም የወረዳ አዳራሽ ይሆናል። በሩ ላይ ምንም አትለጥፉ። በጠዋት አትቅጠሩ፤ ማታ የሚወሰደው መድኃኒት እስከ ረፋድ ሊያደነዝዝ ስለሚችል ብዙዎች ይቀራሉ። ቅዳሜ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ተኩል ጥሩ ነው። ከ12 ሰው በላይ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ፤ አለዚያ ዝምተኞቹ ሳይናገሩ ይወጣሉ። የቴሌግራም ግሩፕ ከከፈታችሁ ስሙ «የቅዳሜ ቡና» ዓይነት ይሁን፤ የአሠሪ ወይም የአከራይ ዓይን ስልክ ላይ ማረፉ አይቀርም።

በመጀመሪያው ቀን የምትስማሙበት ነገር አጭር ነው፦ እዚህ የተሰማ እዚህ ይቀራል፣ ድምፅ አይቀዳም፣ ሕመሙን በስሙ ለመናገር ማንም አይገደድም።

ከባዱ የውይይቱ ዙር ነው። ለእያንዳንዱ ሰው 5 ደቂቃ ስጡና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ እንቅልፍ እንዴት ነበር? ምን ከበደ? ምን ረዳ? ቡድን የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በኋላ በሚመጣው ምክር ነው። አንድ ሰው ስለ መድኃኒቱ «ሃሎፔሪዶል ከጀመርኩ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ትቼዋለሁ» ቢል፣ አንዱ «እኔም ትቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» ይላል፤ ሌላው «እንዴት ታቋርጣለህ!» ብሎ ይቆጣል። የመጀመሪያው መልስ ሕመሙ እንዲያገረሽ መንገድ ይከፍታል፤ ሁለተኛው ሰውየውን ዝም ያሰኘዋል። የሚሠራው ጥያቄ ነው፦ «መቼ ጀመረህ? ለሐኪምህ ነግረኸዋል?» ከዚያ መጠኑ የተቀነሰለት ወይም መድኃኒቱ የተቀየረለት ሰው የራሱን ይናገር። በመጨረሻም አወያዩ ቁራጭ ወረቀት ይስጠውና ለሐኪሙ የሚነግረውን እዚያው ይጻፍ፦ «እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው በዚህ ቀን ነው፣ ማንኪያ መያዝ አቅቶኛል።» ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ብዙዎች «ደህና ነኝ» ብለው ይወጣሉና ይቺ ወረቀት ታላቅ ሥራ ትሠራለች።

መድኃኒቱ የትኛው ከነማ ወይም ቀይ መስቀል ፋርማሲ እንደተገኘ መነጋገር በጣም ይጠቅማል። ክኒን መበዳደር ግን ፈጽሞ ክልክል ይሁን። ስለ ጠበል ወይም ዱዓ ሲነሳ አትከራከሩ፤ ከመድኃኒቱ ጋር አብረው የያዙት ሰዎች ልምዳቸውን ያካፍሉ። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውሃ ሳይጠጣ ከዋለ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ በዝቶ ሊመርዘው ስለሚችል፣ ከጾም ወይም ከረመዳን በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ዕቁብ አትጀምሩ፣ ብድርም አትፍቀዱ። ሕመሙ ስሜትን ከልክ በላይ ከፍ በሚያደርግበት ጊዜ ያለውን ሁሉ የሚሰጥ ሰው ይኖራል፤ በኋላ ሲያፍር ከቡድኑ ይቀራል። የቡና መዋጮ ይበቃል።

አወያዮቹ ሁለት ይሁኑ፣ በየሦስት ወሩም ይቀያየሩ፤ አንዱ ቢታመም ስብሰባው አይቋረጥም።

አንድ ሰው መሞት እንደሚፈልግ ካመለከተ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም። ካሰበ ብቻውን አትተዉት፤ አብራችሁት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ቤት ያለውን ፀረ ተባይና የተጠራቀመ ክኒን ቤተሰብ እንዲያነሣ አድርጉ።

ለዚህም ሁሉም አባል ደህና በሆነ ጊዜ አንድ ካርድ ይሙላ፦ የምወስደው መድኃኒት፣ ሕመሙ ሊነሣ ሲል የሚታይብኝ ምልክት (ለብዙዎች በተከታታይ እንቅልፍ ማጣት ነው)፣ የሚደወልለት ሰው፣ እንዲደወልለት የማልፈልገው ሰው። የመጨረሻው መስመር እንዳይዘለል፤ ሰዎችን አስሮ ወይም ደብድቦ የሚያውቅ ዘመድ ሊኖር ይችላል። ካርዱን አባሉ ራሱና እሱ የመረጠው አንድ ሰው ይያዙት፤ ስልክ ስለሚቀየር በየስድስት ወሩ አድሱት።